ሙሄ የጨመረው ስንኝ

«ፈለቀች፣ ሙሄ ሲዘፍን ሰምተሽው ታውቂያለሽ?»

የዙልፋ ጎረቤት ፈለቀች ደንግጣ ግራና ቀኝ አየች። የለቅሶ ቤት ነው። የሙሄ መቃብር አፈሩ ገና አልደረቀም፤ ከድንኳኑ የወንዶቹ ዱዓ ይሰማል። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ሴቶቹ ፍራሽ ላይ ተደርድረው በሻርፓቸው ጫፍ ይራገባሉ። ባል የሞተባት ሴት ስለ ዘፈን ስትጠይቅ ማን ሰምቶ ያውቃል?

«ስንቴ!» አለች በሹክሹክታ። «ኢሱዙውን አስነስቶ ሲያንጎራጉር ዶሮዎቼ ይበረግጉ አልነበር? አላህ ይርሀመውና፣ እንደሱ ያለ ክፉ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።»

ዙልፋ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው እንባዋ መጣ። «ምን እያለ ነበር? ቃሉን ታስታውሺዋለሽ?»

«ቃሉንማ የት ሰምቼው፣ እህቴ! ሞተሩ ይውጠዋል።»

ዙልፋን የጨነቃት ይኸው ነበር። ሙሄ የገጠመላት አንዲት ስንኝ ነበረች፤ ከእሷ በቀር የሰማት የለም። ግማሿ አፏ ላይ አለ። «እንባዬን ያየ ሰው ሽንኩርቱ ነው ይላል...» ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ከቀብሩ ጀምሮ ብትፈልግ ብትፈልግ አልመጣ አላት። ሰውየው ሄዷል፤ ስንኟም ከሄደች ምን ይቀራታል?

ስንኟ የተወለደችው ጣርማ በር ዳገት ላይ ነው። አዲስ ሙሽሮች ነበሩ። ሽንኩርት ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ የመኪናው ቴፕ የሚወዱትን ካሴት በላባቸው። ሙሄ የመንገዱ ዋሻ አፍ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ፣ ክሩን በእስክሪብቶ ጠቅልሎ መለሰው። ዘፈኑ ዳነ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ክሩ ተጨማዶ ቀረ። እዚያ ሲደርስ ዘፋኙ አፉን ውሃ እንደሞላው ሰው ይንተፋተፋል። ሽንኩርቱን ሲጭን ዓይኑ ቀልቶ የዋለው ሙሄ መሪውን እንደያዘ ወደ እሷ ዞር አለና ክፍተቱን በራሱ ቃል ሞላው። ከዚያ በኋላ እዚያ ቦታ ሲደርስ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ኢሱዙው እስኪሸጥ፣ ፀጉሩ እስኪሸብት። ስንኟ ለዙልፋ የምትባል እንጂ ዙልፋ የምትላት አልነበረችም። ለዚህ ነው ያልያዘቻት።

ልጇ ነኢማ አጠገቧ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። «እማ፣ አባዬ የሚያንጎራጉረው ዘፈን ስልኬ ላይ አለ እኮ» አለቻት ጆሮዋ ሥር። «ሁልጊዜ በጆሮ ማዳመጫ የምሰማው የድሮ ዘፈን ነው። ዜማው ቢያስታውስሽስ?»

እነዚህ ልጆች ግርም ይላሉ፤ ያልኖሩበትን ዘመን ይናፍቃሉ። ደግሞም አይፈረድባቸውም። የዚያን ጊዜ ዘፋኝ «እወድሻለሁ» ለማለት መጀመሪያ ስለ ወንዙ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ደጃፏ ያወራል፤ ሰው ደግሞ በየትኛውም ዘመን ሳይቸኮል ቢወደድ ደስ ይለዋል።

«ሰው ምን ይለናል? ባሏን ቀብራ ዘፈን ከፈተች አይሉም?»

«ጓዳ ግቡ» አለች ፈለቀች። «እኔ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ሰው ቢመጣ ጋደም ብላለች እላለሁ።»

«ተባረኪ፣ እትዬ ፈለቀች» ብላ ነኢማ እናቷን ደግፋ አስነሳቻት።

ጓዳ ገብተው ነኢማ ድምፁን ቀንሳ ከፈተችው። ዙልፋ ዓይኗን ጨፈነች። የናፍጣው ሽታ መጣባት፤ ማርሽ ሲቀይር ጉልበቷን የሚነካው የሙሄ እጅ መጣባት። ያቺን ቦታ ጠበቀች። ደረሰች። ዘፋኙ ግን አልተንተፋተፈም። ጥርት አድርጎ ስለ ጨረቃ ዘፈነ፤ ዙልፋ ይህን ግጥም ካሴቱ ከተበላ ወዲህ ሰምታው አታውቅም፤ ጨርሳ ረስታው ነበር።

«አጥፊው! አጥፊው ነኢማ! ያለችኝንም ሊወስድብኝ ነው!»

ነኢማ አጠፋችው። እናቷ ስንኟን ከመጀመሪያው ልትል ሞከረች። ያቺ ግማሿም ልትጠፋባት ነው፤ «እንባዬን» ልትል ስትል ጨረቃው ይቀድማታል።

«ይቅር በቃ፣ እማ። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ።»

«አይ። መልሺው። ከመጀመሪያው።»

አሁን ስልኩን ራሷ ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ያቺ ቦታ ልትደርስ ስትል ድምፁ የሚወጣበትን ቀዳዳ በመዳፏ ደፈነችው። ዘፋኙ ከእጇ ሥር ታፍኖ አጉተመተመ። የዙልፋ አፍ በራሱ ተከፈተ፤

«እንባዬን ያየ ሰው ሽንኩርቱ ነው ይላል፣
የ'ሱስ ቀላል ነበር፣ ያንቺው ያቃጥላል።»

ነኢማ አባቷን በዚህ በኩል አታውቀውም ነበር። «ድገሚልኝ» አለች። ዙልፋ ደገመችላት። አብረው አሉት።

ዘፈኑ አለቀ። ዙልፋ ግን እጇን ከስልኩ ላይ አላነሳችም።