የተቀቀለው ሜትር

ልብስ ሰፊዋን ሰፈርተኛው «እትዬ አይሆንም» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው፤ እሱ ግን በፊቷ አይጠራትም፣ ሠላሳ ዓመት የቆየ ትዳር ያለ ብልሃት አልቆየም። ዝናብ ሊመጣ ነው ሲሏት «አይሆንም» ትላለች። ዘነበ ሲሏት ደግሞ «ይሄማ ካፊያ ነው»። የተማረችው እስከ ሦስተኛ ክፍል ሲሆን፣ ከዚያ ያተረፈችው ሁለት ነገር ነው፦ ቁጥር መጻፍና የተማረ ሰው አለመፍራት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጣም ይበልጣል።

ወረርሽኙ ገብቶ ዐዋጅ በዐዋጅ ላይ ሲደራረብ ባሏ ቤት ዋለ። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ መስመሩ ሲዘጋ መሪውን ትቶ ሬዲዮ ጨበጠ። የልብስ መስፊያው ክፍል የቤቱ የፊት ክፍል ስለሆነ፣ እሷ የስፌት መኪናውን ስትረግጥ እሱ ከጓዳ ደጃፍ ላይ ወንበር ስቦ የሰማውን ሁሉ ይነግራታል። አንድ ጠዋት ሰው ከሰው ሁለት እርምጃ ይራቅ መባሉን ነገራት።

«የማን እርምጃ?» አለችው።

እሱ የአዋቂ ሰው እንደሆነ መለሰላት። አንተም አዋቂ ነህ፣ እኔም አዋቂ ነኝ፣ ግን አንተ አንዴ ስትራመድ እኔ ሁለቴ ነው የምራመደው አለችና፣ ልብስ የሚቆርጥ ሰው በእርምጃ ቢለካ ኖሮ አገሩ በሙሉ ራቁቱን ይሄድ እንደነበር አስረዳችው። ቀጥላም መጀመሪያ ማስክ አያስፈልግም ብለው ኋላ ካላደረጋችሁ ያሉትን፣ የእሷን ሱቅ ዘግተው ገበያውን ጢም ብሎ እየተጋፋ የተዉትን አነሳችበት። ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። ከሷ ጋር ሲከራከር የሚያውቀው መልስ ያ ብቻ ነው።

ልጃቸው ነርስ ናት። በሽታውን ይዛ እንዳትገባ ብላ ከጓደኞቿ ጋር ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነው የምታድረው፤ ስትመጣም ከመስኮት አታልፍም። በመጀመሪያው ሳምንት መጥታ እናቷ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አየችና፣ ይሄን ከአንዱ ሰው አንገት ወደ ሌላው እያዞርሽ ነውና በአልኮል ጥረጊው አለቻት።

መጥረግ! ልብስ ሰፊዋ መጥረግ የሰነፍ ሥራ ነው ብላ ነው የምታምነው። ልጅቷ ከመንገዱ መታጠፊያ ሳትደርስ ድስት ጥዳ፣ ሳሙና በትናበት፣ ሜትሩን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቀቀለችው። ከዚያ በጋለ ካውያ ተኩሳ አደረቀችው። የጨርቅ ሜትር ነው፤ ሙያውን ያስተማረቻት ሴትዮ ትታላት የሞተችው። ከድስቱ ሲወጣ አንድም ቁጥር አልለቀቀም። «ዕቃ ድሮ ቀረ» ብላ መልሳ አንገቷ ላይ ጣለችው።

በዚያው ሜትር ደጃፏ ላይ ሁለት፣ ሁለት ሜትር እየለካች ነጭ ቀለም አሰመረች። ሬዲዮው እንዳለው በእርምጃ ሳይሆን በቁጥር። በሰፈሩ ትክክለኛው ርቀት ያለው የእኔ በር ላይ ብቻ ነው እያለች ላለፈ ላገደመው ታወራ ጀመር። አንድ ቀን ዳቦ ጋጋሪው ከመስመሩ ወደኋላ ፈቀቅ ብሎ ቢቆም፣ ወደፊት ና፣ መስመሩ ላይ ቁም ብላ ተቆጣችው።

ሱቁ በይፋ ተዘግቶ ስለነበር የምትሠራው በመስኮት ነው። ሰው መለካት ቀረ። ግን ደብተር አላት፤ የሃያ ዓመት ደንበኛ ሁሉ ደረቱ፣ ወገቡ፣ ክንዱ ተጽፎበታል። ከደብተሩ እያየች፣ በሜትሯ እየለካች፣ ጨርቁን እየቆረጠች ሰፋች። የተሰፋው ግን አንድ በአንድ ተመልሶ መጣ። የአስተማሪው ኮት አልቆለፍ አለ። የዳቦ ጋጋሪው ሱሪ ከጭኑ አላልፍ አለ። በአንድ ወር ውስጥ ዐሥራ አራት ልብስ ጠበበ።

ሌላ ሰው ቢሆን «ምን ነካኝ?» ይል ነበር። እሷ ግን ዐሥራ አራቱንም ሰዎች ወፍራችኋል አለቻቸው። ዳቦ ጋጋሪው እኔ አንድም ቀን ቤት አልተቀመጥኩም፣ ምድጃ ፊት ቆሜ ነው የምውለው ቢላት፣ «ታዲያ የምትጋግረውን ማን ይበላዋል?» ብላ ሸኘችው። ከዚያ ወዲያ በክርክር የሚችላት ጠፋ። መንግሥት ሰዉን ከበሽታ አድናለሁ ብሎ ቤት ዘጋበት፣ ሰዉ በውፍረት ሊያልቅ ነው፤ ማስረጃው እኔ ጋ በጨርቅ ተሰፍቶ ተቀምጧል ትላለች። ምሁር መሆን እንዲህ ቀላል ኖሯል ብላ በልቧ ትንሽ ተገርማለች።

ከዚያ ሾፌሩ ማሳል ጀመረ።

በሁለተኛው ቀን አተኮሰው፤ በአራተኛው ቀን የቀረበለትን አልበላም አለ። ልብስ ሰፊዋ ለልጇ ደውላ አልነገረችም። ምክንያት ነበራት። ፊት ለፊታቸው የሚኖረውን ጫማ ሰፊ ባለፈው ወር አምቡላንስ መጥቶ ሲወስደው በመስኮት አይታለች። ሚስቱ ልሂድ ብላ ብትለምን አይቻልም አሏት። በዘጠነኛው ቀን ልብሱን በፌስታል ተቀበለች። በፌስታሉ ውስጥ የነበረውን ግራጫ ኮት የሰፋችው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ቁልፉን ሳይቀር ታውቀዋለች። ባሏን ለዚያ መኪና ላለመስጠት እንኳን ልጇን፣ መንግሥትንም ትዋሻለች።

የደወለችው ለወንድሟ ነው። ወንድሟ የከብት መድኃኒት ሻጭ ሲሆን፣ በዚያ ሰሞን ከብት ያለውም የሌለውም ይሰለፍበት ነበር። የከብት ትል የሚያስወጣው መድኃኒት ይሄንንም በሽታ ያጠፋል ተብሎ ስለተወራ መደርደሪያው ባዶ ሊቀር ምንም አልቀረውም። ለእህቱ ግን አንድ ጠርሙስ ደብቆላታል። ላዩ ላይ የበሬ ሥዕል አለበት።

በሬ ሚዛን ላይ ስለማይወጣ የደረቱ ዙሪያ ተለክቶ ነው ክብደቱ የሚገመተው፤ የሚሰጠው መጠንም በዚያ ነው አላት በስልክ። «የባልሽን ደረት ለክተሽ ንገሪኝ፣ እኔ ከወረቀቱ አሰላልሻለሁ።»

ሰውና በሬ አንድ ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችው። ይሄንን መጠየቋን ኋላ ላይ እንደ ብልህነት ትቆጥረዋለች፤ መልሱን መቀበሏን ግን አታነሳም። ወንድሟ ልዩነቱ ቀንድ ብቻ ነው አላት። መለካት ደግሞ ሙያዋ ነው። መድኃኒት በሜትር የሚሰጥ ከሆነ፣ በዚህ አገር ከሷ የተሻለ ሐኪም ከየት ይመጣል?

ገብታ ባሏን አልጋው ላይ ቀና አድርጋ ለካችው። ደብተሩ ላይ መቶ አራት ነው የተጻፈው። ሜትሩ መቶ ሰባት አለ።

«ወፍረሃል» አለችው።

ሾፌሩ ለአምስት ቀን ከሾርባ በቀር የቀመሰው ነገር የለም። ቀበቶውን አንስቶ ያሰረበትን ቀዳዳ አሳያት፤ የመጨረሻው ነው። «አንቺ ሴትዮ፣ ሱሪዬ እየወለቀ ነው እኮ» አላት በሳል መሃል። እሷም ሜትር አይዋሽም፣ የሚዋሽ ቀበቶ ነው አለችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ የሷ ደግሞ ሞኝነቱም ወረቀቱም ሜትሩም አንድ ላይ ነበር።

ወንድሟ ከመቶ አምስት በላይ ከሆነ በሁለቱ ክዳን ላይ አንድ ይጨመር አላት። ሦስት ክዳን ሙሉ ኩባያ ውስጥ ቀድታ፣ ባሏን እንቅልፍ ወስዶት ስለነበር እስኪነቃ ብላ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ልክ ያኔ ልጅቷ መስኮቱን አንኳኳች።

የመጣችው ጋውን ልትወስድ ነው። ሆስፒታሉ የሚለበስ ጋውን ስላነሰው ነርሶቹ ጨርቅ አዋጥተው ለልብስ ሰፊዋ ሰጥተዋት ነበር፤ የልጇንም ከደብተሩ ነው የሰፋችው። እናትየው ጠርሙሱን ከክር ማስቀመጫው ኋላ ሸጎጠች። ኩባያውን ግን ረሳችው። ጋውኖቹን በመስኮት እየሰጠች ሳለ ሾፌሩ ከውስጥ ሳለ።

ልጅቷ ስንት ቀን ሆነው አለች። እናትየው ጉንፋን ነው አለች። ልጅቷ ወደ ጠረጴዛውና ወደ ኩባያው አየች፤ ከክሩ ኋላ የበሬው ግማሽ ፊት ብቅ ብሏል።

ክርክሩ በመስኮት በኩል ሆነ። ልብስ ሰፊዋ የነበራትን ሁሉ አወጣች፦ ማስክ አታድርጉ ያሉት እነሱ፣ አድርጉ ያሉት እነሱ፤ ጫማ ሰፊውን የወሰዱት እነሱ፣ በፌስታል የመለሱት እነሱ። ልጅቷ አልካደችም። ማስክ ላይ ተሳስተዋል አለች። ገበያውም እንደዚያ መተው አልነበረበትም አለች።

«ግን እማዬ፣ መንግሥት ተሳሳተ ማለት አጎቴ ልክ ነው ማለት ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ጮክ አለች። ባሏን በሙያዋ እንደለካችው፣ ሰው ሁሉ እንደወፈረ፣ እሱም ታሞ እንኳ እንደወፈረ፣ መጠኑም በዚያ እንደተሰላ ተናገረች። ልጅቷ እየሰማች ከውጭ በኩል ጋውኑን ልብሷ ላይ ደረበችው። ትከሻዋ ላይ ተወጠረ። እጅጌው ክርኗ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አንቺም ወፍረሻል» አለች እናቷ፤ ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ግን ቀና ብላ አየቻት። የልጅቷ ጉንጭ ገብቷል። የአንገቷ አጥንት ወጥቷል።

«ስምንት ኪሎ ነው የቀነስኩት» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «እማዬ፣ እስቲ ጠረጴዛውን ለኪው።»

ጠረጴዛውን አናጢ የሠራላት ከሜትሯ ጋር እኩል አድርጎ ነው፤ ወርዱ አንድ ሜትር ከሃምሳ፣ ሜትሩ ከጫፍ ጫፍ ተዘርግቶበት። ሜትሩን ከአንገቷ አውጥታ አንዱን ጫፍ ያዘችና ዘረጋችው። አለቀ። ከሜትሩ ማዶ አንድ መዳፍ የሚያህል ጠረጴዛ ተረፈ።

ልብስ ሰፊዋ ያንን አንድ መዳፍ እንጨት በእጇ ዳበሰችው። ድስቱ ትዝ አላት፣ ሳሙናው፣ የጋለው ካውያ። ጥረጊው ነበር የተባለችው።

«ጠረጴዛውም ወፍሯል» አለ ከጓዳው በር ላይ ሾፌሩ፣ ግድግዳ ተደግፎ።

ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት፤ ሳሉ አልቆም አለ፤ ከንፈሩም ቀለሙ ተለወጠ። ልብስ ሰፊዋ ደግፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ኩባያው አጠገቧ ነው። አየችው፣ ልጇንም አየች።

«በትክክለኛው ሜትር ከሆነስ? ሁለት ክዳን ቢሆንስ?» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

ልጅቷ ሜትሩ ትክክል ቢሆንም ያው ነበር አለቻት። መድኃኒቱ ለሰው ስንት እንደሚሆን፣ ይህን በሽታ ያድን እንደሆነም የለካው ሰው ገና የለም። ይህንኑ ጠጥተው ለመጡ ሁለት ሰዎች ባለፈው ሳምንት አልጋ ያነጠፈችው እሷ ናት። «አንቺ ያልለካሽውን ጨርቅ ትቆርጫለሽ?»

አትቆርጥም። በሕይወቷ ቆርጣ አታውቅም።

ኩባያውን ውጭ አውጥታ ደፋችው። ከዚያ የፈራችው ነገር ሁሉ እንዳሰበችው ሆነ፤ አምቡላንሱ መጣ፣ ልሂድ አለች፣ አይቻልም አሏት። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። ልጅቷ መኪናው ውስጥ ከመግባቷ በፊት፣ አባዬ ያለበት ክፍል የእኔ ተራ ነው፣ ማታ ማታ እደውልልሻለሁ አለቻት። ልብስ ሰፊዋ የባሏን ሹራብ በፌስታል አልሰጠቻቸውም። ከተረፈ ጨርቅ ወዲያው ቦርሳ ሰፍታ በዚያ አድርጋ ሰጠች። ፌስታል ከዚያ ቤት ደጃፍ እንዲያልፍ አልፈለገችም።

ዐሥራ ሁለት ቀን ስልክ ጠበቀች። ኦክስጅን ላይ ነው ተባለች፤ ያው ነው ተባለች፤ ትንሽ ቀለለው ተባለች። ሥራ ለመፍታት የሚሆን አንጀት ስላልነበራት ዐሥራ አራቱን ልብስ መተርተር ያዘች። ደግነቱ ከድሮ ጀምሮ በስፌቱ ጎን ትርፍ ጨርቅ ትተዋለች። ለወንድሟም ጠርሙሱን መልሳ፣ ለበሬ ስጠው፣ እሱንም አስፈቅደህ አለችው።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ሾፌሩ በእግሩ ገባ። ኮቱ የተንጠለጠለበት መስቀያ መስሏል። አዲስ በገዛችው የፕላስቲክ ሜትር ለካችው፤ ዘጠና አምስት። ደብተሩ ላይ ስትጽፍ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እያየ፣ ይሄኛውም አይዋሽም ወይ ብሎ ጠየቃት። ሬዲዮውን ራሷ ከፍ አደረገችው።

በማግስቱ ጠዋት ደጃፏ ላይ ተንበርክካ መስመሩን ስትፍቅ አረፈደች። ሁለት ሜትር ብላ ያሰመረችው ሁለት ሜትር አልነበረም፤ ከአንድ ስንዝር ጥቂት ያነሰ ይጎድለዋል። ያን ያህል ቀን ሰዉን ሁሉ ተጠጉ እያለች ስታቆም ኖራለች። የሾፌሩ እርምጃ ይሻል ነበር።

ዳቦ ጋጋሪው ሲያልፍ ቆሞ ምን እየሠራች እንደሆነ ጠየቃት። መንግሥት ርቀቱን አሻሻለ ልትል አፏን ከፈተች። በዚያ ሰሞን የሚለዋወጠው ብዙ ስለነበር ማንም ያምናት ነበር። ብሩሹን አስቀመጠች።

«ሜትሬን ቀቅዬው ነው» አለች። «ተኮማትሯል። ሱሪህን ውሰደው፣ አስፍቼልሃለሁ፤ አልወፈርክም።»

ዳቦ ጋጋሪው በጣም ደስ አለው። ታዲያ ሚስቴ እኮ በዚህ ምክንያት ራቴን ግማሽ አድርጋዋለች፣ ምንም እንዳልወፈርኩ ለሷ ንገሪልኝ አላት።

ልብስ ሰፊዋ ከታች ወደ ላይ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች አየችው።

«አይሆንም» አለች። «ትንሽማ ወፍረሃል።»