ከውኃ ጋኑ በላይ የቆመው ብርሃን

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው የአጎቷን ቃል ሊመዝኑ ነው። ዛሬ ሰኞ ነው። የካሜራ ገጣሚዋ በክር ፋብሪካው የጥበቃ ቢሮ፣ አንድ እግሩ ባጠረ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ያለፈውን ማክሰኞ ምሽት ቅጂ እንደገና ወደ ኋላ መለሰችው። በጥቁርና ነጩ ምስል ላይ የውኃ ጋኑ ይታያል፣ ከጎኑ የመብረቅ መከላከያው ዘንግ፤ ከሁለቱ በላይ ደግሞ አንድ ነጭ ብርሃን፣ ሰማዩ ላይ በምስማር የተመታ ይመስል፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

አጎቷ የዚህ ፋብሪካ ዘብ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት በሩን ጠብቀዋል፤ ለጡረታ አሥራ አራት ወር ቀርቷቸዋል። በዚያ ማክሰኞ፣ ጉንዳን በሚመስለው ደቃቅ ጽሕፈታቸው፣ የጥበቃ መዝገቡ ላይ እንዲህ ብለው አሰፈሩ፦ «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ደቂቃ። ከውኃ ጋኑ በላይ ብርቱ ነጭ ብርሃን ቆመ። አራት ደቂቃ ያህል አልተንቀሳቀሰም። ድምፅ አልሰማሁም። ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፎ ደበዘዘና ጠፋ።» ፈረሙበት፤ ተራቸውን ጨርሰው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ማግስቱን የጥበቃ ኃላፊው መዝገቡን አነበበ፣ ቅጂውን ከፈተ። ብርሃኑ አለ፤ ግን መቅጃው ላይ ያለው ሰዓት ሁለት ከሠላሳ ሁለት ሳይሆን አንድ ከሃምሳ ሦስት ይላል። ኃላፊው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ደወለ። በዚያ ሰዓት በእናንተ በኩል ያለፈ አውሮፕላን የለም አሉት። እሱም ነገሩን እንዲህ ገጣጠመው፦ ሽማግሌው ተኝተዋል፤ ብርሃን የተባለው ካሜራው ራሱ በሚረጨው ጨረር የበራች የእሳት ራት ናት፤ ሲነቁ ስክሪኑ ላይ አይተዋት ተረት ጻፉ፤ ሰዓቱን እንኳ በቅጡ አልጻፉትም። ተረኛ ሆኖ መተኛት ከሥራ ያስወጣል። ሐሰት መዝግቦ መፈረም ደግሞ ይብሳል።

በመካከሉ አንዱ ሠራተኛ ስክሪኑን በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው። ግማሹ ሰው ምንነቱ ያልታወቀ በራሪ ነገር ነው፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ነው አለ፤ ግማሹ ሳቀ። ፈረቃ ገቢዎቹ በሩ ላይ ሲያልፉ «ጋሼ ማርስ፣ ለእኛም ቪዛ ጠይቁልን» ይሉ ጀመር። ሽማግሌው የሠራተኛ መታወቂያ እያዩ «እናንተን ማን ይቀበላል» ብለው ይመልሱላቸዋል። ሳቁን ቻሉት። ያልቻሉት «ሐሰት ጻፉ» የሚለውን ነበር።

የካሜራ ገጣሚዋ ይህን ሁሉ የሰማችው ከእናቷ ነው። ሰኞ በጠዋት የመሣሪያ ቦርሳዋን ይዛ መጣች። የፋብሪካውን ካሜራዎች የምትጠግነው እሷ ስለሆነች ማንም አልከለከላትም።

መጀመሪያ የእሳት ራቷን አባረረች። ቅጂውን ምስል በምስል እያራመደች ብርሃኑ ወደ ቀኝ የታጠፈበት ላይ ስትደርስ ቆመች። የመብረቅ መከላከያው ዘንግ ከብርሃኑ ጋር በተገናኘባት ቅጽበት ብርሃኑ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ በቀጣዩ ምስል ደግሞ ተመልሶ ገጠመ። የእሳት ራት ብትሆን ኖሮ ከዘንጉ ፊት ታልፍ ነበር። ይህ ግን ከኋላው፣ ከጋኑም ወዲያ፣ ከሩቅ ነው ያለፈው። የምስሉን ቁጥር ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈች።

«ምን አገኘሽ፣ ሽቦ?» አሉ አጎቷ በሩ ላይ ቆመው። ልጅ ሳለች ከመቅጠኗ የተነሣ ያወጡላት ስም ነው፤ ሥራዋን ያወቁባት ይመስል እስከዛሬ ይጠሯታል።

«የእሳት ራት አለመሆኗን።»

«እኔ መቼ የእሳት ራት አልኩ?»

«አንዳንዱ እያለ ነው። አሁን ደግሞ ምን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይመስልዎታል?»

ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ። «የሚመስለኝን መዝገብ ላይ አልጽፍም። ያየሁትን ነው የምጽፈው። ብርሃን አየሁ፣ ብርሃን ጻፍኩ።»

ማክሰኞ ሙሉ ቀን ከስክሪኑ ፊት አልተነሣችም። የሚያስቸግረው ይህ ነበር፦ አውሮፕላን ይሄዳል፣ ይህ ቆሟል። አውሮፕላን ብልጭ ድርግም ይላል፣ ይህ አይልም። አውሮፕላን ይጮኻል፣ ሽማግሌው አልሰማሁም ብለዋል።

የልብስ ሰፊ የላስቲክ ማስመሪያ ስክሪኑ ላይ በፕላስተር ለጠፈች። በአራቱ ደቂቃ ውስጥ ብርሃኑ ወደ ግራም ወደ ቀኝም የፀጉር ያህል አልተነቃነቀም፤ ነገር ግን መጀመሪያ የምስር ፍሬ ያህል የነበረው መጨረሻ ላይ አተር አክሏል። በአእምሮዋ የማለዳው አውቶቡስ መጣባት። በቀጥታው መንገድ ጫፍ፣ በጉም ውስጥ፣ መብራቱ አንድ ቦታ የተተከለ ይመስላል፤ ተሳፋሪው «ቆሟል እኮ» ይላል፤ ወዲያው ግን ፊቱ ድቅን ይላል። ቆሞ የሚያድግ ነገር ወደ አንተ የሚመጣ ነው። ሲታጠፍ ደግሞ የፊት መብራቱ ሌላ ወገን ያያልና ይደበዝዛል።

ብልጭታው ግን ወዴት ሄደ? እዚህ ላይ እስከ ከሰዓት በኋላ ቆየች። በመጨረሻ የመቅጃውን ማስተካከያ ከፈተችና ከራሷ ሥራ ጋር ተገናኘች። ቦታ እንዲቆጥብ ብላ በሰከንድ ስድስት ምስል ብቻ እንዲይዝ ያደረገችው እሷ ናት። የአውሮፕላን ብልጭታ ዓይን ከምትጨፍንበት ያነሰ ነው፤ አብዛኛው በምስልና በምስል መካከል ሾልኮ ያልፋል። አብዛኛው እንጂ ሁሉም አይደለም። ከአንድ ሺህ አራት መቶ የሚበልጡትን ምስሎች አንድ በአንድ መግፋት ጀመረች። ጣቷ ደነዘዘ፤ በእርሳስ ጫፍ መጫን ቀጠለች። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወርዳ ግድግዳው ላይ ስትደርስ፣ በአሥራ አንድ ምስሎች ላይ ከትልቁ ብርሃን ጎን አንዲት ነጥብ አገኘች። አሥራ አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ ላይ።

«ድምፁስ፣ ጋሼ?» አለች፣ ሽማግሌው ተራቸውን ሊረከቡ ሲመጡ።

«ከአመሻሽ ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ከዘብ ቤቱ ኋላ ሲያጓራ ነበር። እንኳን አውሮፕላን የራሴን ሳል አልሰማም።»

«ታዲያ ለምን ጄኔሬተር እንዳለ አልጻፉም?»

«የጻፍኩት አልሰማሁም ብዬ ነው። ድምፅ የለውም ማለት ሌላ፣ አልሰማሁም ማለት ሌላ። ያነበበው ሰው ነው አንድ ያደረገው።» ከዚያ የእጅ ሰዓታቸውን አይተው፣ መዝገቡን ከፍተው፣ የገቡበትን ደቂቃ ጻፉ።

ረቡዕ ጠዋት የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም ከሁሉ የከፋው፦ በዚያ ሰዓት አውሮፕላን የለም። የማረፊያው ሰዎች አይዋሹም። ሽማግሌውም አይዋሹም። እንግዲህ የሚዋሽ ሌላ ነገር አለ። ለምን እንደሆነ ሳታውቀው የበሩን ካሜራ ቅጂ ከፈተች፤ ብርሃኑ የታየበት ያው ማክሰኞ፣ ያው ምሽት። የቀኑ ፈረቃ ሠራተኞች ሲወጡ ይታያል፤ ሴቶቹ ሻርፕ እያደረጉ፣ ወንዶቹ ሲጋራ እየለኮሱ። ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት አየች። አንድ ሰዓት ከሃያ አንድ።

የቀኑ ፈረቃ የሚወጣው ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ጡሩምባው ሲነፋ ነው። ከዚያ በፊት አንዲት ነፍስ ዝንፍ አትልም። ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ። በአንድ ከሃምሳ ሦስት ላይ ሠላሳ ዘጠኝ ሲደመር ሁለት ከሠላሳ ሁለት። ልክ እንደ መዝገቡ።

ወንበሩ ስር ያለውን መቅጃ አወጣችና ክዳኑን ፈታች። ሰዓቱን የምታስቆጥረው ክብ ባትሪ ሞታለች። መብራት በሄደ ቁጥር ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ሰዓቱ ይቆማል፣ ከዚያ ከቆመበት ይቀጥላል፤ ሦስት አራት ደቂቃ እየተጠራቀመ ይኸው። ይህን ያወቀችው ዛሬ አልነበረም። ከሦስት ወር በፊት ደብተሯ ላይ «ባትሪ ይቀየር» ብላ ጽፋ፣ በሚቀጥለው ስመጣ ብላ ትታዋለች። በሚቀጥለው ስትመጣ ረስታዋለች። በዚያን ጊዜ አጎቷ «ሽቦ፣ ይህ ሰዓትሽ ያዘግማል» ሲሏት «ጋሼ፣ መሣሪያ አይሳሳትም፤ የእጅ ሰዓትዎን ያሠሩ» ብላ ስቃባቸው ነበር። መሬት ላይ እንደተቀመጠች ፊቷ ጋለ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስል የተባለችው እሷ ሆና ተገኘች።

ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደች። የመረጃ ሠራተኛዋ መዝገቧን ገልጣ ሳትፈልግ አገኘችው፦ አንድ የጭነት አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ ላይ አርፏል። ነፋሱ ስለዞረ ዘወትር በማይመጡበት በኩል፣ በፋብሪካው አናት ዞሮ ነው የገባው። በወረቀት ጽፋ ማኅተም መታችላት። «ስለዚህ ብርሃን ስንቱ ደወለልኝ መሰለሽ» አለች። «ሰዓቱን ትክክል አድርጎ የጠየቀኝ የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ነሽ።»

ማታ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ነበር።

«እሰይ። አውሮፕላን ነው ብለሽ ተገላገይ። የባትሪውን ጉድ ምን አነሣሽው?»

«ሰዓቱ ካልተነሣ አውሮፕላኑ የለም፣ እማዬ።»

«መብራት እየጠፋ አበላሸው በያ። እሱስ ውሸት ነው?»

«ግማሹ እውነት ነው። ጋሼ ግማሽ አይጽፉም።»

እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ሥራውን ቢወስዱብሽስ? ተይው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል።»

«እስከ ነገ አራት ሰዓት ካልጠራስ?»

«ወንድም ጋሼም እንዲህ ነው» አለች እናቷ። «ድርቅናው በአባት በኩል ይመጣል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ለካ በእናትም ይመጣል።»

ሐሙስ አራት ሰዓት። ሥራ አስኪያጁ፣ የጥበቃ ኃላፊውና የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ተቀምጠዋል። ሽማግሌው የታጠበ ዩኒፎርም ለብሰው ጥግ ላይ ቆመዋል፤ ተቀመጡ ቢባሉም እምቢ ብለዋል።

«የእህታቸው ልጅ እንደሆነች ይታወቅልኝ» አለ ኃላፊው።

«ይታወቅ» አለች ሽቦ። «ለዚህ ነው እመኑኝ የማልላችሁ። ራሳችሁ ትቆጥራላችሁ።» ስክሪኑን አዞረችላቸው። ዘንጉ ብርሃኑን የሰነጠቀበትን አሳየች። ማስመሪያውን ለኃላፊው ሰጥታ ብርሃኑን መጀመሪያና መጨረሻ አስለካችው። ከዚያ አሥራ አንዱን ነጥብ እሱ ራሱ ጮክ ብሎ እንዲቆጥር አደረገች። ሰባት ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ።

«እሺ፣ አውሮፕላን ይሁን» አለ። «በአንድ ከሃምሳ ሦስት አውሮፕላን የለም ተብሏል። ከየት መጣ?»

የፈረቃውን መውጫ ቅጂ ከፈተችላቸው። ቀድማ ያየችው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ናት።

«እነዚህ በአንድ ከሃያ አንድ ነው የወጡት? ማን ፈቀደላቸው?»

«ማንም። የወጡት በሁለት ሰዓት ነው። የተሳሳተው መቅጃው ነው፤ ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል።» የሞተችውን ባትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ከጎኗም ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት። «ይህን መቀየር የእኔ ሥራ ነበር። ከሦስት ወር በፊት አውቄ ተውኩት። እሳቸው ሰዓቱ ያዘግማል ብለው ነግረውኛል፣ አልሰማኋቸውም። መዝገቡ ትክክል ነው። ስሕተቱ የእኔ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ወደ ጥጉ ዞረ። «አባባ፣ አውሮፕላን መሆኑን ያን ምሽት ቢያውቁ ኖሮ ምን ይጽፉ ነበር?»

«ብርሃን አየሁ ብዬ» አሉ ሽማግሌው። «አውሮፕላን መሆኑን ያየችው እሷ ናት፤ በሦስት ቀን። እኔ አራት ደቂቃ ብቻ ነበረኝ።»

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሳቀች። ኃላፊው የክሱን ወረቀት ወደ ራሱ ስቦ በቀኝ በኩል አጣጠፈው፣ ከዚያ ደግሞ በግራ። «ቀርቷል» አለ። ለሽቦ ግን እዚያው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ ገፋላት፤ እንዲህ ያለው ከተደገመ ውሏ ይሰረዛል ይላል። ሳትከራከር ፈረመች።

ከምሳ በኋላ አዲስ ባትሪ ይዛ ተመለሰች። አጎቷ ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ በዘብ ቤቱ ደጃፍ ቆመው ነበር። ከምሳ የሚመለሱ ሠራተኞች «ጋሼ ማርስ» ሲሉ «አውሮፕላን ነው ተብሏል፣ ቪዛው ተሰርዟል» ብለው መለሱ። ሽቦ ባትሪዋን ከተተች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ መቅጃውን አበራች። ስክሪኑ ላይ ሰዓቱን የምትሞላበት ባዶ ቦታ ብቅ አለ። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነበር። አላወጣችውም።

«ጋሼ» አለች፣ «ስንት ሰዓት ነው?»

ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የእጅ ሰዓታቸውን ጥቂት ራቅ አድርገው፣ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት።

«ሰባት ሰዓት ከአርባ ስድስት» አሉ። «ቆይ፣ ቆይ። አትቸኩይ፤ እስኪሞላ። አሁን። አርባ ሰባት።»

አርባ ሰባት ብላ ሞላችው።