ሦስተኛዋ አረንጓዴ መብራት

የበረራ ትምህርት ቤቱ ዋና መካኒክ ጥርሱን የነቀለበት ሙያ ነውና በሥራው ቀልድ አያውቅም። አንድ ድክመት ግን አለችው፤ ልጁ። እሷ እዚያው አብራሪነት መማር ከጀመረች ወዲህ የምትበርባትን ትንሽ አውሮፕላን ሌላ ሰው እንዲነካበት አይፈልግም። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ አንዱ የጠገነውን ሌላው አይቶ ይፈርማል። እሱ ግን ዛሬ ጠዋት የግራውን ጎማ ራሱ ጠገነ፣ ራሱ ፈረመ። "በልጄ ነገር ማንንም አላምን" ሲል ባልደረቦቹ የአባት ነገር ብለው ሳቁበት። ባይስቁ ይሻል ነበር።

ረፋዱ ላይ ልጅቷ ብቻዋን በርራ ስትመለስ፣ ጎማዎቹ ወርደው መቆለፋቸውን ከሚያሳዩት ሦስት አረንጓዴ መብራቶች የግራዋ አልበራ አለች። አስተማሪዋ አምፖሉን ከሌላው መብራት አምፖል ጋር እንድታቀያይር ከመሬት በሬዲዮ ነገራት። ቀየረች፤ አምፖሉስ ደህና ነው። ጎማውን በሚያወርደው የእጅ ፓምፕ ሞክሪ አላት፤ ላብ በላብ እስክትሆን ገፋች። ወይ ፍንክች።

"አባዬ እዚያ አለ? እንዳይጨነቅ ንገሩት" አለች።

አባት ከአስተማሪው ጀርባ ቆሟል። እጁን ኪሱ ሲከት ጣቱ ቀጭን ሽቦ ነካ። የግራው ጎማ መቆለፊያ ቡሎን እንዳይላላ የሚታሰርባት ሽቦ ናት። ለክቶ ቆርጧት፣ ቡሎኑን አጥብቆ፣ ሳያስራት ረስቷታል። ዝም ቢል የሠላሳ ዓመት ስሙ ሳይነካ ሊያልፍ ይችል ይሆናል። ልጁ ግን ሰማይ ላይ ናት፤ ስም ገደል ይግባ።

"ቡሎኑን ሳላስረው ቀርቻለሁ፤ ወልቋል" አለ። "ስትገፋ ብትውል አይቆለፍላትም። ሌሎቹንም ጎማዎች ትሰብስብና በሆዷ ታሳርፋት።"

አውሮፕላኗ ሣሩ ላይ በሆዷ ተንሸራታ፣ ፕሮፔለሯ ተጣሞ ቆመች። አባት ሩጫ ከተወ ስንት ዘመኑ፤ የእሳት አደጋ መኪናውን ሊቀድም ምንም አልቀረው። ሲደርስ ልጅቷ ከክንፉ ወርዳ ቆማለች።

"አባዬ፣ አውሮፕላንህን ሰበርኩብህ" አለችው።

"እኔ ነኝ የሰበርኳት። ሠሪውም ፈራሚውም እኔ ነበርኩ፤ ለአንቺ ስሳሳ።"

እጁን በሁለት እጇ ያዘችለት።

"የሌላውን ሁሉ አውሮፕላን ጠግን" አለችው ቀስ ብላ። "የኔን ግን ከእንግዲህ አትንካ።"

ብትሰድበው ይቀለው ነበር።

"እሺ፣ የኔ እናት" አለ።