ከውጭ የሚቆለፈው በር

«ልጄን! ልጄን ያያችሁ!»

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ከወንበሯ ብድግ አለች። አሁን እግሯ ሥር ሲድህ የነበረው ሕፃን የለም። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሁሉ የሻይ ብርጭቋቸውን እያስቀመጡ ተነሡ፤ አንዱ ወደ መንገድ፣ አንዱ ወደ ጓሮ ሮጠ።

የሟች እናት ግን በቀጥታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። በዚህ ቤት ልጅ ሲጠፋ የት እንደሚፈለግ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

የልጅ ልጇ፣ የሟች ልጅ፣ ጆሮዋን ቁም ሣጥኑ ላይ ለጥፋ ቆማለች። ከውስጥ የታፈነ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሽሽ! ገና እያለቀሰ ነው፣ እማማ። ዝም ሲል እከፍትለታለሁ።»

አያት ክው አለች። በሩን በርግዳ ሕፃኑን አወጣችው። ላብ በላብ ሆኗል እንጂ ደህና ነው። እናቱ ነጥቃት ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

አያት ይህን አቋቋም ታውቀዋለች። ሟቹ ልጇ በዚህች ልጅ ዕድሜ ሳለ የጎረቤት ድመት ሣጥን ውስጥ ዘግቶ፣ ጆሮውን ክዳኑ ላይ ለጥፎ እንዲሁ ቆሞ አግኝታዋለች። ድመቷን በድብቅ ቀብራ፣ ለባለቤቶቿ «መኪና ገጭቷት ይሆናል» ብላ ሸመጠጠች። ለባሏ ብትነግረው ልጁን ደግሞ ዕቃ ቤት ያስገባዋላ!

ባሏ ቁልፍ ሠሪ ነው። ሰፈርተኛው ቁልፍ በጠፋበት ቁጥር እሱን ይጠራል፤ ቀኑን ሙሉ የሰው በር ሲከፍት ይውላል። በገዛ ቤቱ ግን የዕቃ ቤቷን ቁልፍ ገልብጦ ከውጭ ገጠመው። ልጅ ያጠፋል፣ ይገባል፤ እያለቀሰ አይከፈትለትም፤ ዝም ሲል ይከፈትለታል። ሕጉ ይኸው ነበር። ልጁ ቶሎ ለመደ፤ ኋላማ ከገባ ጀምሮ ትንፍሽ አይልም። «አያችሁልኝ ወንድ ልጅ!» ይላል አባት ለእንግዳ። እንግዳው ይስቃል። እሷም ሻይ ትቀዳለች።

ያ ልጅ አድጎ አገባ፤ ሚስቱን ደብድቦ መኝታ ቤት ቆለፈባት። ፍርድ ቤት «ስትጮኽ ለምን አልከፈትክላትም?» ቢባል፣ «ዝም ስትል ከፈትኩላት» አለ። ሲከፍት ሞታ ነበር። ዳኛው የተሳለቀባቸው መስሏቸው ተቆጡ። እናት ግን ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ያ ሕግ ከየት እንደመጣ ገባት። ከባሏ ጋር የልጅ ልጃቸውን ወስደው ማሳደግ ጀመሩ፤ እሱ ደግሞ እስር ቤት ታሞ ሞተ። እናት መርዶው ከመጣ ወዲህ አንዴም ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም። የነፍሰ ገዳይ እናት ምን ብላ ታልቅስ?

«ዘር ከልጓም ይስባል አሉ» ለቀስተኞቹ ሲሉ ሰማች ከሳሎን፣ በሹክሹክታ። «ቁርጥ አባቷን!»

ቁልፍ ሠሪውም ሰምቷል። ፊቱ ጠቁሮ የቁልፍ ዘለላውን ከኪሱ አወጣ።

«ነይ ወዲህ፣ አንቺ!»

ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። ራሷ ወደ ዕቃ ቤቷ ሄዳ ገባች። አያት ይህን አየች። ተከትላ ሄዳ በሩ ደፍ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ተነሺ!»

«አልነሣም።»

«በሰው ፊት አታዋርጂኝ! ዛሬ ካልተቀጣች ነገ እንደ አባቷ ነው የምትሆነው።»

«አባቷስ መቼ ሳይቀጣ ቀረ? ምን አተረፍን?»

«ዘሩ ነው! ሰው ሁሉ የሚለውን አልሰማሽም?»

«የምን ዘር! እዚሁ በር ላይ ነው የተማሩት፣ እሱም እሷም። አንተ ቆለፍክ፣ እኔ ሻይ ቀዳሁ። ካቻቢቴህን አምጣና ይህን ነገር ንቀለው።»

ቁልፍ ሠሪው ዘለላውን ጨብጦ እጁን ወደ ላይ አነሣ። ሊመታት ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከደፉ ላይ ግን ንቅንቅ አላለችም። እሱ በአናቷ አሻግሮ ወደ ውስጥ አየ። ልጅቷ ጉልበቷን አቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ልክ አባቷ ይቀመጥበት የነበረው ጥግ።

እጁ ቀስ እያለ ወረደ። ሄዶ ካቻቢቴውን አመጣ። ስንቱን በር ለፈታው እጅ ዛሬ አንዲት ቪቴ አልታዘዝ አለችው። በመጨረሻ ቁልፉ ተነቅሎ ሚስቱ ጭን ላይ ወደቀ።

«ልጄን!» ብላ ጮኸች ያኔ። «ወይኔ ልጄን! ልጄን!»

ልጅቷ ደንግጣ ከጥጉ ተስፈንጥራ መጣችና በትንሽ እጇ አፏን ከደነችባት።

«ዝም በይ እማማ፣ ዝም በይ! ዝም ካላልሽ አይከፍትልሽም!»

አያት ያቺን ትንሽ እጅ ቀስ አድርጋ ከአፏ ላይ አነሣች። መዳፏን ሳመች። ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠቻት፤ ለቅሶዋን ግን አላቋረጠችም።