ቆለኛው የማን ልጅ ነው?

ፋሩቅ ዱላውን በትከሻው እንዳጋደመ ከሶፋው ላይ ተንሸራትቶ ሲወድቅ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በጭሮ ከተማ የሠርግና የትምህርት ቤት መድረኮች ላይ ስድስት ዓመት ሙሉ ያስወደደው ይኼ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ከተማ ገብቶ ለቴሌቪዥን ሰላምታ የሚያቀርበው፣ መልስ ሲያጣም የሚቀየመው ቆለኛ። በዚያ ጠዋት ግን አንድ ሰው ብቻ አልሳቁም። ከቆላው ከሚኤሶ የመጡት ግመል አርቢ ኦቦ ዓሊዩ፣ ፋሩቅ ሊያገባት የሚፈልጋት የጣሂራ አጎት ናቸው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ፣ ሐሙስ ሽማግሌዎቹን የሚልከው እሳቸው ዘንድ ነው።

ትርኢቱ እንዳለቀ ጣሂራ ሁለቱንም ምሳ ቤት ወሰደቻቸው። ፋሩቅ ሩዙን በማንኪያ ከወዲያ ወዲህ እያመላለሰ ቁጣቸውን ጠበቀ። ኦቦ ዓሊዩ ግን ስለ መንገዱና ስለዘገየው ዝናብ አወሩ፤ ነጋዴውን ሆኖ የተጫወተውን ልጅም አመሰገኑ። እጃቸውን ታጥበው ሲመለሱ ነው ነገሩን ያነሱት።

«ለመሆኑ ያ ቆለኛ የማን ልጅ ነው?»

ፋሩቅ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። «ኦቦ፣ እሱ እንዲሁ ቆለኛ ነው። ስም አላወጣሁለትም።»

«ነጋዴው ህሩይ ተብሏል። ዘበኛው እንኳ ብሩኬ ይባላል።»

«አዎ።»

«እኔም ሰው ሲወድቅ እስቃለሁ፣ ልጄ። ሲመሽ ግን ቤቱ ሄጄ እግርህ እንዴት ሆነ እለዋለሁ። ይኼንን የት ሄጄ ልጠይቀው?»

ጣሂራ ሳቋን በሻርፗ ጫፍ ሸፈነች።

ከሰዓት በኋላ ትርኢቱ ይደገማል። ፋሩቅ ቆለኛው ይቅር ቢልም፣ የቡድኑ መሪ ተስፋዓለም ሰዉ የሚመጣው እሱን ሊያይ ነው ብሎ አልሰማውም። ጣሂራም በመጋረጃው በኩል ብቅ አለች።

«እንዳታስቀረው። አጎቴ ሊያዩት ተመልሰው መጥተዋል።»

«ተቀይመዋል?»

«ቢቀየሙማ ከአንተ ጋር ምሳ አይበሉም ነበር። ሐሙስ የሚሉትን ግን እኔም አላውቅም።»

የፋሩቅ አባት፣ ልብስ ሰፊው በድሪ ሳይቀሩ የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው፣ ሸሚዝ ቀይረው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል።

ፋሩቅ ዱላውን አጋድሞ ወጣ። ዘበኛው እንደ ልማዱ መንገዱን ዘጋበት። «አንተ ቆለኛ፣ ወዴት ነው?» ሰዉ ካሁኑ መሳቅ ጀምሯል። ሌላ ጊዜ ፋሩቅ እዚህ ላይ አፉን ከፍቶ አምፖሉን ያያል። አሁን ግን ዱላውን ከትከሻው አውርዶ ተደገፈው። ከዚህ በኋላ የሚሳቀው በማን ቤት ላይ እንደሆነ ያውቃል።

«ስም አለኝ» አለ በቆለኛው አንደበት። «ኢርሻድ እባላለሁ። የልብስ ሰፊው የበድሪ ልጅ ነኝ።»