ስፕሊት የሄዱት ባልና ሚስት

ዘይቡ ባሏ ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ መሸለሙን የሰማችው ከጎረቤቷ ከሸዋረገጥ ነው። ቲጃኒ ራሱ ማታ ሲገባ ጫማውን አወለቀ፤ እግሩን ታጠበና «ከመድረክ ላይ ስሜን ጠሩት» አላት። በጅማ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሃያ ዓመት የመፈልፈያ ማሽን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ከማሽን ጋር እንጂ ከሰው ጋር ብዙ አያወራም።

«ምን ሰጡህ?» አለችው።

«ባሕር።»

«ኤሬ! የምን ባሕር?»

ሽልማቱ ከዩጎዝላቪያ የመጣ ነበር፤ ለአንድ ባልና ሚስት የሰባት ቀን ሽርሽር፣ ስፕሊት በምትባል የሜዲትራንያን ባሕር ዳር ከተማ። ወረቀቱ ላይ «ለፍቅረኞች» የሚል ቃል ስላለበት የሠራተኛ ማኅበሩ ሦስት ቀን ተከራከረበት። ከኮከቦቹ አንዱ ላጤ ሆነ፤ ሌላው ከሚስቱ ጋር ሽማግሌ ፊት ተቀምጧል። ቲጃኒና ዘይቡ ግን በሃያ አራት ዓመት ትዳራቸው ቀበሌ የደረሰ ጠብ የለባቸውም። ስለዚህ ፍቅረኞች መሆናቸው በድምፅ ብልጫ ጸደቀ።

ዘይቡ ሁለት ቀሚስ አሰፋች። ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ደምመላሽ ላቡን እየጠረገ ከች አለ።

«የመውጫ ፈቃዱ አልመጣም» አለ። «እናንተ ግን ሄዳችኋል።»

«የት?» አለ ቲጃኒ።

«ስፕሊት ነዋ! ሪፖርቱን ቀደም ብዬ ልኬዋለሁ፤ ‹በደማቅ ሁኔታ ተሸኝተዋል› ብዬ። ዛሬ ጠዋት ከበላይ አካል የደስታ መግለጫ ደረሰኝ። አሁን አልሄዱም ብል ይኼኛው ሪፖርት ውሸት ሊሆን ነው። ይኼ ውሸት ከሆነ ደግሞ የባለፉትንም ማገላበጥ ይጀምራሉ።»

«ታዲያ እኛ ምን እንሁን?»

«ምንም። ሰባት ቀን የላችሁም፤ ከዚያ ትመለሳላችሁ።»

«እዚሁ ቤታችን እንኑር?» አለች ዘይቡ።

ጓድ ደምመላሽ ትንሽ አሰበበት። «እዚሁ ኑሩ» አላት፤ «ግን አትኖሩም።»

በዚያው ዕለት ነዋሪውን ሰብስቦ አስታወቀ፦ «ጓድ ቲጃኒና ባለቤቱ ስፕሊት ናቸው። ያያቸው ሰው ካለ አላያቸውም።» ሕዝቡ አጨበጨበ።

የመጀመሪያውን ቀን በራቸውን ዘግተው ዋሉ። ረፋዱ ላይ ሸዋረገጥ ደጃፍ ቆማ፣ «ምነው ዘይቡዬ በኖረችና ወንፊቷን በተዋስኩ!» አለች። ዘይቡ በሩን ገርበብ አድርጋ ወንፊቱን አቀበለቻት። ሸዋረገጥ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀበለችና «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ ማንን እንዳመሰገነች ግን አልተናገረችም።

በሁለተኛው ቀን ከቀበሌው አዳራሽ የስም ጥሪ ይሰማ ነበር። «ወይዘሮ ዘይቡ!» ሲባል ሴቶቹ ባንድ ድምፅ «ስፕሊት!» ብለው መለሱ። ዘይቡ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሰማቻቸው። በሳምንት ሦስት ስብሰባ፣ ሁለት የጽዳት ዘመቻ፣ አንድ የውይይት ክበብ ነበረባት። አሁን የሚጠራት የለም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ምን እንደሚሠራበት ግራ ገባት።

በሦስተኛው ቀን አዲሱን ቀሚስ ለበሰችና «ተነሥ፣ እንውጣ» አለችው ባሏን።

መንገድ ላይ እጁን ስትይዘው ቲጃኒ ደነገጠ። በአደባባይ የሚስቱን እጅ ይዞ አያውቅም።

«ኧረ ሰው ያየናል!»

«ማን ያየናል? የለንም እኮ!»

እውነትም ማንም አላያቸውም። የሚያውቋቸው ሁሉ ሰማዩንና ጫማቸውን እያዩ አለፉ። አንድ ባለጋሪ አጠገባቸው ቆመና ፈረሱን «ዛሬስ ባዶዬን ቦዬ ደርሼ ልምጣ መሰለኝ» አለው። ተሳፈሩ። ቦዬ ውሃው ዳር ወርደው ሙዝ እየላጡ ጉማሬዎቹን ሲያዩ ዋሉ። ቲጃኒ ስለ ጉማሬ አፍና ስለ መፈልፈያ ማሽን ያለማቋረጥ አወራት። እንዲህ ሲያወራ አይታው አታውቅም፤ ልቧ ተከፈተ።

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትቆጣም?»

«ባሕር ዳር ማን ይቆጣል?»

«ስታስጠይቀኝ እሺ ያልኩት ወንድምህን ጠሃን መስለኸኝ ነው። ሂርማታ ገበያ አንድ ጎረምሳ የተገለበጠ ጋሪ ብቻውን ሲያነሣ አየሁ። ጀርባው ይኼን ያህላል! ማነው ስል የአባታችሁን ስም ጠርተው ‹የአባቦራ ልጅ ነው› አሉኝ። ቆይቶ የአባቦራ ልጅ ጠየቀሽ ሲሉኝ ሳላስጨርስ እሺ አልኩ። ከኒካው በኋላ የገባኸው ግን አንተ ሆንክ፤ ያኛው ጠሃ ነበር ማለት ነው አልኩ።» ሳቀች። «ያው እኮ አልሐምዱሊላህ፣ ተላመድን።»

ቲጃኒ አልሳቀም። ሙዙን ሳይጨርስ አስቀመጠና ተነሥቶ በእግሩ ወደ ከተማ ሄደ። ቤት አልገባም።

በማግስቱ ዘይቡ ፍለጋ ወጣች። ባለጋሪውን ጠየቀችው፤ «ቲጃኒማ ስፕሊት ነው» አለው ለፈረሱ። የመስጊዱን ዘበኛ ጠየቀች፤ «ስፕሊት» አለ። ቢቸግራት ቀበሌ ሄዳ ጓድ ደምመላሽ ፊት አለቀሰች።

«ባሌ ጠፋብኝ!»

ጓድ ደምመላሽ ፋይሉን እያየ መለሰላት፤ እሷን ማየት አይችልማ። «ወይዘሮ ዘይቡ፣ ባለቤትዎ ስፕሊት ከርስዎ ጋር ናቸው። ከፈለጉ ሪፖርቱን ላንብብልዎ።»

አነበበላት። «ጥንዶቹ በመልካም ጤንነትና በጋለ ፍቅር ላይ ይገኛሉ» ይላል።

በአምስተኛው ቀን ያዘነችላት ሸዋረገጥ ነች። ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣች ለገመዱ ታወራለች። «እኔ ቲጃኒን ወደ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ሲሻገር አላየሁትም። ጠሃ ቤትም አልገባም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እዚያ አላደረም።»

ዘይቡ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ከነፈች።

ወንድማማቾቹ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጠሃ ሆዱ ወጥቷል፤ ፀጉሩም አልቋል። ቲጃኒ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያየው ሰንብቷል፤ ምኑ ተወደደ እያለ።

«እስቲ ንገሪኝ» አላት ስትገባ፣ «ይኼን ነው?»

ጠሃ ግድግዳውን እያየ ተናገረ። «ቲጃኒ እዚህ ቢኖር ኖሮ፣ እኔ በሕይወቴ ጋሪ አንሥቼ አላውቅም እለው ነበር። ያን ዓመት ሊሙ ነበርኩ። ወላሂ፣ ወገቤ ከልጅነቴ ጀምሮ በሽተኛ ነው።»

ዘይቡ ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ነበርክ እንዴ?»

ቲጃኒ አዎ ቢላት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን መዋሸት አይሆንለትም። «እኔም አይደለሁም» አላት።

ዘይቡ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ታዲያ ማነው?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለ ቲጃኒ። «ጅማ ውስጥ ስንት አባቦራ አለ!»

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ነች። ሃያ አራት ዓመት በበዓል በበዓሉ ጠሃን ስታይ ታፍር የነበረው ለማይታወቅ ሰው ጀርባ ኖሯል። ቲጃኒም ጥቂት ሲታገል ቆይቶ ተሸነፈ። ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ጠሃም ማንንም ሳያይ አብሮ ሳቀ። ማታ ከቦሳ ኪቶ ሲመለሱ እጇን ቀድሞ የያዘው ቲጃኒ ነው።

በመጨረሻው ቀን የጣቢያው መኪና ገና በማለዳ ወደ አጋሮ ወሰዳቸውና ከአጋሮ በአውቶቡስ ተመለሱ። መናኸሪያው «እንኳን ደህና መጣችሁ» በሚል ጨርቅ አጊጧል። ሸዋረገጥ የዘይቡ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ «ሳላይሽ ሳምንት!» ብላ የምር አለቀሰች። ዘይቡም አለቀሰች፤ ናፍቃት ነበር።

«ስፕሊት እንዴት ነው?» አሉ ሴቶቹ።

ዘይቡ መዋሸት አልፈለገችም። «ስብሰባ የለም» አለች። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉ። «ዘመቻ የለም። ማንም ስምሽን አይጠራም። ባልሽ ቢያኮርፍ እንኳ ሁለት ቀን የምትፈልጊበት ጊዜ አለሽ።»

በማግስቱ ሸዋረገጥ ባሏን አቶ ከተማን እየጎተተች ቀበሌ ገባች፤ «እኛንም ለስፕሊት መዝግበን» አለች። ጓድ ደምመላሽ ሊቆጣ ቃጥቶት ነበር፤ ግን ስለ ቀጣዩ ሪፖርት አሰበና መዘገባቸው። ከበላይ አካል ሞቅ ያለ ምስጋና መጣ። በሚቀጥለው ሳምንት አራት ባልና ሚስት ሄዱ፤ ከዚያ ዘጠኝ። ነሐሴ ላይ የአዌቱ ወንዝ ዳር ክንድ ለክንድ ተያይዘው በሚንሸራሸሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተሞላ፤ አንዱ ሌላውን አያይም። አዳራሹ ውስጥ ጓድ ደምመላሽ ለወንበሮች ንግግር ያደርግ ጀመር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የዘይቡ በር ተንኳኳ። ጓድ ደምመላሽ ነው። ሚስቱ ውብነሽ ትንሽ ሻንጣ ይዛ ከኋላው ቆማለች፤ ፊቷን ተቀብታለች።

«ወይዘሮ ዘይቡ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እዚያ አገር… ብርድ አለ እንዴ?»

ዘይቡ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። በአጋሮ በኩል ጠቁሯል።

«ከሰዓት ይዘንባል» አለቻቸው። «ጃንጥላ ያዙ።»