እሺ ብቻ የቀረችለት ሰው

ተጋድማለች ቀኝ እጁ፣ በነጩ አንሶላ ላይ... የሌላ ሰው እጅ ይመስል፣ ዝም ብላ።

ስነካት አታውቀኝም። ስጨብጣት አትጨብጠኝም።

«ካሳዬ፣ ታውቀኛለህ?» እለዋለሁ።

«እሺ» ይለኛል።

እሺ... ይህችን ቃል ከባሌ አፍ እንዲህ በቀላሉ ሰምቻት አላውቅም። መካኒክ ነው ካሳዬ፤ ደሴ ውስጥ ከባድ መኪና የሚነዳ ሁሉ ግትርነቱን ያውቃል። ያልጣመውን ሥራ እምቢ፣ የባለ መኪናውን ጥድፊያ እምቢ፣ የኔንም ምክር እምቢ። በእምቢታው ስንጣላ ኖርን፣ በእምቢታው ስንስቅ ኖርን።

ጠዋት ነው፣ መኪና ሥር ተኝቶ ብሎን ሲያጠብቅ፣ ያመለጠችው መፍቻዋ ከእጁ። ጎትተው ሲያወጡት አፉ ተጣሟል። «ምች ነው» አሉ የጋራዡ ሰዎች። ዳማከሴ አሹት፣ ጥላ ሥር አስተኙት፣ ይሻለዋል ብለው ጠበቁ... ጠበቁ። እኔ ተጠርቼ ሆስፒታል ስናደርሰው ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለችን ነርስ፣ ሲስተር ዘሃራ፣ «መቼ ጀመረው?» አለችኝ። ነገርኳት። አቀረቀረች።

ስትሮክ ነበር።

«ውሃ ልስጥህ?» እሺ። «በቃህ?» እሺ። «ያምሃል?» እሺ...

«እትዬ» አለችኝ ዘሃራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የምንለውን ይሰማል። አንደበቱ ላይ የቀረችለት ግን ይህች ብቻ ናት። እሺ ሲል እሺ ማለቱ ላይሆን ይችላል። ዓይኑን እዩለት።»

አየሁለት። ዓይኑ ውስጥ በር የሚደበድብ ሰው ነበር።

ከቀናት በኋላ መጡ ጋሽ ፈንታ፣ ታላቅ ወንድሙ፣ ከገጠር።

«ጸበል ልውሰደው። የሆስፒታሉ ይበቃዋል። ካሳዬ፣ እንሂድ?»

«እሺ» አለ።

«ይኸው! ራሱ እሺ አለ።»

«ጸበሉን እዚሁ ያምጡለት፣ ጋሼ» አለች ዘሃራ። «መድኃኒቱን ካቋረጠ ግን ዳግም ሊመታው ይችላል። መዋጥ እንኳ ገና እያለማመድነው ነው።»

አልሰሟትም። በብብቱ ገብተው ቀና አደረጉት። ዓይኑን አየሁ... እምቢ ይላል ዓይኑ። እሺ ይላል አፉ፣ እሺ፣ እሺ፣ ግንባሩን ላብ አጥምቆት።

«አይፈልግም!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይመነኝ?

ግራ እጁ የአልጋውን ብረት ጨበጠች። ጋሽ ፈንታ ጣቶቹን ሊያላቅቁ ታገሉ።

«እ... እም...» አለ።

ዘሃራ ወደ አፉ ጎንበስ አለች።

«እምቢ!»

ጋሽ ፈንታ እጃቸውን ለቀቁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«እሺ ወንድሜ» አሉ ከጋቢው ውስጥ። «እሺ... አልወስድህም።»

ይቆም እንደሆነ፣ ስሜን ይጠራ እንደሆነ፣ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ዘሃራ የሰጠችኝን ሾርባ በማንኪያ አቀረብኩለት። ፊቱን አዞረ።

«እምቢ» አለኝ።

አልለመንኩትም። ሳህኑን ታቅፌ አጠገቡ ቁጭ አልኩ፣ እስኪርበው።